ደብረ ብርሃን ያሠራነው የኤምኤች ትሮሊ፣ ከነእንከኑ

መጀመሪያ ፍርዱን ልንገራችሁና ማንበብ የሰለቸው እዚችው ላይ ይመለስ። ትሮሊው፣ ማለትም ኤምኤች የሚባለው በማደንዘዣ የሚቀሰቀስ አደገኛ ሕመም ሲመጣ የሚያስፈልገውን ዕቃ የሚይዘው ባለ መሳቢያ ጋሪ፣ ጥሩ ነው፣ የተከፈለበት አያስቆጭም፣ ጎማዎቹ ግን አይረቡም፣ የታችኛው ትልቁ መሳቢያ ሲሞላ አልሳብ ይላል፣ ሠሪውም «ማክሰኞ ኑ» ሲል የየትኛው ሳምንት ማክሰኞ እንደሆነ አጥብቃችሁ ጠይቁት። ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ይሄን የምጽፈው እንደኛ ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ኦፕራሲዮን ክፍል ለሚሠሩ፣ በተለይ ለአኔስቴዢያ (ለማደንዘዣ) ልጆች ነው፣ ፋርማሲ ስቶር ያላችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል ምክንያቱም ግማሹ ጣጣ እናንተ ጋ ነው ያለው።

እኛ ያለነው ሰሜን ሸዋ ቆላው ላይ ነው፣ ጣርማ በርን ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ከዚያ በኋላ ጃኬት የሚወልቅበት አገር። ኦአራችን (ኦፕራሲዮን ክፍላችን) ውስጥ አብዛኛው ሥራ ሲኤስ፣ ማለትም በኦፕራሲዮን ማዋለድ ነው፣ እሱም በስፓይናል፣ ጀርባ ላይ ተወግቶ ከወገብ በታች በሚያደነዝዘው፣ ያልቃል። ግን አፔንዲክስ አለ፣ የተቋጠረ አንጀት አለ፣ ከባጃጅ የወደቀ አለ፣ ሕፃን አለ፣ እነዚህ ሲመጡ ጄኔራል፣ ሙሉ በሙሉ የሚያስተኛው ሰመመን፣ ይሰጣል፣ ጄኔራል ማለት ደግሞ እኛ ጋ ሃሎቴንና ጡንቻ የሚያላላው ሳክስ ማለት ነው። ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያን፣ ባጭሩ ኤምኤችን፣ የሚቀሰቅሱትም እነሱው ናቸው፣ ማለትም በትንፋሽ የሚሳቡት ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬን፣ ዴስፍሉሬን፣ በመርፌ ደግሞ ሳክስ። ሌላው ማደንዘዣ ኬታሚን አይቀሰቅስም፣ ፕሮፖፎልም አይቀሰቅስም፣ ስፓይናልም እንደዚያው። ሰውየው በዘር ይዞት ይወለዳል፣ እንደማንኛችንም ጤነኛ ሆኖ ያርሳል ይነግዳል፣ ከዚያ አንድ ቀን ያንን መድኃኒት ሲያገኝ ጡንቻው ውስጥ የተቀመጠው ካልሲየም ያለ ልክ ይለቀቅና ጡንቻው ተወጥሮ አልላላ ይላል፣ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ካርቦንዳይኦክሳይድና ሙቀት ያመርታል፣ የጡንቻው ሴል ሲፈርስ ደግሞ ፖታሲየም ደም ውስጥ ይፈስና ልብን ያቆማል። ምን ያህል ያጋጥማል ለሚለው ከ10,000 ሰመመን አንዴ ከሚለው አንስቶ ከ250,000 አንዴ እስከሚለው የተራራቀ ግምት ነው ያለው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ላላየው እችላለሁ፣ የሚቀጥለው ዱቲዬ ላይም ሊመጣ ይችላል።

ለዚህ ነው ፋይናንስ ጋ ስንቀርብ «የማይመጣ በሽታ ዕቃ» የተባልነው። አዲስ አበባ አስመጪዎች ጋ ባለ አምስት መሳቢያ የፕላስቲክ ኢመርጀንሲ ትሮሊ አስጠይቀን ፕሮፎርማው ሲመጣ ደግሞ ፋይናንሱ ሳቀ፣ በቃ ሳቀ፣ እኛም ወረቀቱን አጥፈን ወጣን።

ደብረ ብርሃን ያለው ቤት ታፔላ እንኳን የለውም። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ የግቢ በር፣ መስኮት፣ የምጣድ ማስቀመጫ ምናምን የሚበይድ ጎልማሳ ሰውዬ ነው፣ ጋቢውን ወንበሩ ላይ ጥሎ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ነው የሚሠራው። እኔን ሲስተር ነው የሚለኝ፣ አኔስቴቲስት ነኝ ማለቱን ከተውኩት ቆይቷል። ስልኬ ላይ የውጭ ትሮሊ ፎቶ አሳየሁት፣ አየት አድርጎ «ይሄ እኮ የልብስ መሳቢያ ነው ጎማ የገባለት» አለኝ። ልክ ነው። ከዚያ ግን የጠየቀኝ ነገር ገረመኝ፣ «ሲሊንደሩስ የት ይቆማል ልጄ? ስትሮጡ ማን ነው የሚሸከመው?» አለኝ፣ እኔ ለኦክስጅን ሲሊንደር ቦታ አላሰብኩም ነበር ማለት ሳይሆን እንደሚቻል አልገመትኩም ነበር፣ እሱ ግን ከጎን የብረት ቀለበትና ከታች ማረፊያ በይዶለት መጣ። ሌላ ትሮሊ ላይ ይሄን አላየሁም።

ፍሬሙ ቱቦላሬ ነው፣ ገላው ላሜራ። የላሜራው ጠርዝ በሙሉ ተሞርዷል፣ ጓንት አድርጌ ዙሪያውን ዳበስኩት አንድም ቦታ አልቀደደውም፣ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ገበያ ላይ ያለ የብረት ሼልፍ ገዝታችሁ ታውቁ የለ። ላዩ ላይ ዙሪያውን ጣት የምታህል ክፈፍ ስላለው አምፑል ተንከባሎ አይወድቅም። ቀለሙ አንቲረስት ተቀብቶ ከዚያ ቀይ ነው፣ የግቢ በር ቀይ፣ ከሩቅ ይታያል እኛም የፈለግነው እሱን ነው። ቅሬታዬ ግን እዚችው ላይ ይጀምራል፣ እኛ ዕቃ የምንወለውለው በበረኪና ነው፣ በረኪና ደግሞ ቀለም አይምርም፣ ብየዳው ባረፈባቸው ማዕዘኖች በኩል አሁኑኑ ዝገት ጀምሯል። ጥፋቱ የሰውየው ብቻ አይደለም፣ በምን እንደምናጸዳው ማንም አልነገረውም፣ ለሆስፒታል የምታሠሩ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ንገሩትና ድርብ ቀለም ይቀባ።

ጎማዎቹ ከሻንጣ የተፈቱ ነው የሚመስሉት፣ ትንንሽ ደረቅ ፕላስቲክ። ኦአሩ ውስጥ ሴራሚኩ ላይ ደህና ይሄዳሉ፣ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ያለችው ደፍ ጋ ሲደርሱ ግን ቀጥ ይላሉ፣ ሁለት ሰው ማንሳት አለበት። ማቆሚያ ፍሬን ደግሞ የላቸውም። የታችኛው መሳቢያ ሐዲዱ ብረት በብረት ነው፣ ባዶውን ሲሞከር እልል የሚያሰኝ ነበር፣ ውሃና ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ) ከተሞላ በኋላ ግን ጎበጥ ይልና ይነክሳል። በጥድፊያ ሰዓት የሚነክስ መሳቢያ ማለት ምን እንደሆነ ኦአር የሠራ ያውቀዋል። ሲመጣ ደግሞ አይሱዙ ላይ ተጭኖ በጣርማ በር ሲወርድ በየመጠምዘዣው መሳቢያዎቹ እየተከፈቱ ረዳቱ በገመድ አስሮት ነው የደረሰው፣ ስለዚህ መቆለፊያም ያስፈልገዋል። እኛ አሁን በፕላስቲክ ማሰሪያ አሽገነዋል፣ ማሰሪያው ከተቆረጠ ሰው ነክቶታል ማለት ነው፣ ያኔ በሊስቱ መሠረት ይቆጠራል። ይሄ ከቁልፍ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ቁልፍ ሁሌ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው የሚገኘው።

አሁን ወደ ሆዱ እንግባ፣ ዋናው እሱ ነው።

ሁለተኛው መሳቢያ ባዶ ነው። ባዶ ነው ስል ዳንትሮሊን ተብሎ ተጽፎበት ባዶ ነው፣ ዳንትሮሊን ኤምኤችን የሚያበርደው መድኃኒት ነው። ስቶራችን የለውም፣ ካሉበት ቦታ ሁሉ ጠይቀን ያገኘነው መልስም የለም የሚል ነው። የፋርማሲ ኃላፊያችን «ለሌለ መድኃኒት መሳቢያ መስጠት ለምን አስፈለገ፣ ጓንት አስገቡበት» ብሎ ተከራከረኝ፣ እኔ ደግሞ አይሆንም አልኩት፣ ጓንት ከገባበት ጓንት ሆኖ ይቀራል፣ ባዶ ከሆነ ግን በየወሩ ቆጠራ ላይ «ዳንትሮሊን፦ 0» ተብሎ ይጻፋል፣ በየወሩ ኃላፊው ጋ ይደርሳል፣ በየወሩ ያናድደዋል። እስካሁን ተናዷል። ባዶ መሳቢያው ውስጥ ያስቀመጥነው ወረቀት ላይ ሒሳቡ አለ፣ ቢገኝ ምን ያህል እንደሚገዛ ማንም እንዳይወዛገብ ብዬ ነው የጻፍኩት። የተለመደው ብልቃጥ 20 ሚሊግራም ነው፣ መነሻ ዶዙ 2.5 ሚሊግራም በኪሎ፣ የ60 ኪሎ ሰው ለመጀመሪያው ብቻ 150 ሚሊግራም ማለትም 8 ብልቃጥ ይፈልጋል፣ ካልበረደ ይደገማል። አሜሪካኖቹ የኤምኤች ማኅበር 36 ብልቃጥ ይኑራችሁ የሚለው ለዚህ ነው፣ ተፈለገ ከተባለም በ10 ደቂቃ ውስጥ እጅ ላይ መድረስ አለበት ይላል። እኛ ጋ 10 ደቂቃ የስቶር ጠባቂው ስልክ እስኪነሳ ነው።

ራያኖዴክስ የሚባል አዲሱ ዓይነትም አለ፣ አሜሪካ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ የተፈቀደ፣ አንዱ ብልቃጥ 250 ሚሊግራም ሆኖ በ5 ሲሲ ውሃ ብቻ ይበጠበጣል፣ ሦስት ብልቃጥ ከያዝክ ጨረስክ። ሲያዩት ያስቀናል። ዋጋውን ግን ፋይናንሱ ባይሰማው ይሻላል፣ ይስቅብናል እንደገና።

የድሮውን 20ውን ዓይነት በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ውጭ የምትሠራ የክፍል ጓደኛዬ ለእረፍት ስትመጣ ጊዜው ያለፈበት ብልቃጥ ለልምምድ ብላ ይዛልኝ መጣች፣ በቀይ ማርከር «ለሰው አይሰጥም» ጻፍንበትና አንድ ከሰዓት ኬዝ ሳይኖር አይኢኤስኦውን (ኦፕራሲዮን የሚሠራውን)፣ ስክራቧን (መሣሪያ አቀባይዋን)፣ ራነሩን (ዕቃ አመላላሹን)፣ ፋርማሲስቱንም ጠርቼ ልምምድ አደረግን። ያን ቀን የተማርነው ከማንኛውም ሌክቸር ይበልጣል። ብልቃጡ ግር የሚያሰኝ ትልቅ ነው፣ ውስጡ ብርቱካናማ ዱቄት ከታች ተጋግሮ ተቀምጧል። በ60 ሲሲ ውሃ ነው የሚበጠበጠው፣ በሳላይን አይሆንም፣ በግሉኮስም አይሆንም፣ ንጹሕ የመርፌ ውሃ ብቻ። እሺ ውሃ አምጡ ተባለ፣ ራነሩ ያመጣው እኛ ሁሌ የምናውቃትን ባለ 10 ሲሲ አምፑል ነው። አስሉት እንግዲህ፣ ለአንድ ብልቃጥ ስድስት አምፑል፣ ለ60 ኪሎ ሰው የመጀመሪያ ዶዝ 48 አምፑል ይሰበራል፣ ሕመምተኛው እየነደደ። ሲሪንጅ አምጡ ተባለ፣ ትልቁ ሲሪንጅ ብሎ ያመጣው የኤንጂ ቱቦ (በአፍንጫ ወደ ሆድ የሚገባው) መመገቢያውን ነው፣ ጫፉ መርፌ አይቀበልም። በመጨረሻ በ20 ሲሲ ሲሪንጅ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ገባ፣ በቀጭን መርፌ ስለነበር መግፊያው አልገፋ ብሎ የስክራቧ አውራ ጣት ቀላ። ከዚያ መነቅነቅ። ቅል እንደሚንጥ ሰው ነው የሚነቀነቀው፣ ቀስ ብለህ ካዟዟርከው ዱቄቱ ከግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ጠርቶ ፍርፋሪ የሌለው ብርቱካናማ እስኪሆን ድረስ ነው። አይኢኤስኦው ሰዓት ሲይዝ ነበር፣ ሲያበቃ ሰዓቱን ለማንም አላነበበውም፣ ስልኩን ኪሱ ከተተና «እንዲህ ከሆነ እኔም እነቀንቃለሁ፣ ቢላዬን አስቀምጬ» አለ። አሁን ከትሮሊው ጎን ባንጠለጠልናት የመመሪያ ካርድ ላይ የመነቅነቅ ሥራ ለሁለት ሰው ተመድቧል፣ ሌላ ሥራ አይሰጣቸውም።

ከዚያ ልምምድ በኋላ የታችኛው መሳቢያ ተለወጠ። ትልልቅ ብልቃጥ የመርፌ ውሃ፣ መርፌ የሚገባባቸው 50 እና 60 ሲሲ ሲሪንጆች፣ ወፍራም መርፌ። አንድ ነገር ላስምርበት፣ ውሃውን በሊትር ከረጢት ወይ በሳላይን ጠርሙስ አምሳያ ካስቀመጣችሁ አንድ ቀን አንዱ ተቻኩሎ ሳላይን መስሎት ይሰቅለዋል፣ ንጹሕ ውሃ በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ ሲገባ ቀይ የደም ሴል ያፈነዳል፣ ስለዚህ የተለየ ቦታ፣ በትልቁ «የመበጥበጫ ውሃ፣ አይሰቀልም» ተብሎ ይለጠፍበት። ውሃው ፍሪጅ ውስጥም አይገባ። ለበጥባጩ ለብ ያለ ውሃ ነው የሚጠቅመው፣ ከ39 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ዱቄቱ ቶሎ ይሟሟል። ሳላይኑ ነው ፍሪጅ የሚገባው። ይሄን የሚያምታታ ብዙ ነው፣ ፋርማሲስታችንም መጀመሪያ ሁለቱንም ፍሪጅ ከቷቸው ነበር።

ወደ በረዶ ስመጣ ቆላ መሆናችን ጎዳን። ደብረ ብርሃን ያሉት ባልደረቦቻችን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሳላይኑን መስኮት ላይ ቢያሳድሩት ይበቃቸዋል፣ ውርጩ ለእነሱ ነፃ ፍሪጅ ነው፣ እኛ ጋ ግን የተኛው ሳላይን ራሱ ሞቅ ብሎ ነው የሚውለው። የክትባት ክፍሉ ፍሪጅ ውስጥ ሌላ ዕቃ ማስገባት ክልክል ነው፣ ልክም ናቸው፣ ስለዚህ እሱን አልነካንም፣ ግን የክትባት ሰዎቹ ትርፍ ኮልድ ቦክስና አይስ ፓክ ሰጡን፣ እነዚያ ኮልድ ቦክሶች ከማንኛውም ገበያ ከሚሸጥ የፒክኒክ ሳጥን የተሻሉ ናቸው፣ ክዳናቸው ግጥም ይላል። የኦአሯ ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ሳላይን፣ ሬጉላር ኢንሱሊን፣ ሳክሱም ራሱ አለ፣ በላይኛው በረዶ ቤት ደግሞ በሃይላንድ ውሃ ሞልተን አርግተናል፣ ሲሞላ አፉ ድረስ እንዳይሞላ፣ ይተረተራል። መብራት ሲጠፋስ? መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጁስ ቤት ዲፕ ፍሪዘር አለው፣ ጄኔሬተርም አለው፣ ባለቤቷን አናግረናታል፣ «ለሕመምተኛ ከሆነ ሌሊትም አንኳኩ» ብላናለች። ይሄ በካርዱ ላይ ከነስልኳ ተጽፏል። በነገራችን ላይ የማንጎ ጁሷም አምስት ከአምስት ነው።

በረዶው በጨርቅ ተጠቅልሎ ብብት፣ ብሽሽት፣ አንገት ላይ ነው የሚሆነው፣ ሙቀቱ ከ39 በላይ ሲሆን ይጀመራል፣ 38 ሲደርስ ይቆማል፣ ካልቆመ ሰውየው ከመጠን በታች ይቀዘቅዛል። 38 መድረሱን ግን በምን ታውቃለህ? እዚህ ላይ ቴርሞሜትር ላማ። የኮቪድ ጊዜ ግንባር ላይ የሚደገነው ሽጉጥ መሳይ ነገር ለዚህ ሥራ ዋጋ የለውም፣ ቆዳው ላብ ካለው ወይ በረዶ ከነካው የሚነግርህ ሌላ ቁጥር ነው። የብብቱ ዲጂታል ትንሽ ይሻላል፣ ለጥድፊያ ግን እስኪጮህ ይጠበቃል፣ የኛው ደግሞ ከልኩ ሲያልፍ ቁጥር ትቶ ፊደል ያወጣል። የሚያስፈልገው በአፍንጫ ወይ በጉሮሮ ገብቶ ሞኒተሩ ላይ የሚሰካው ፕሮብ ነው፣ ሞኒተራችን መሰኪያው አለው ፕሮቡ ግን አብሮት አልመጣም፣ ስንት ሆስፒታል ሞኒተር እንዲህ ቆሞ እንዳለ አስቡት። ለብቻው ገዛነው፣ ትሮሊው ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ በጣም የወደድኩት እሱን ነው፣ በየቀኑም ይሠራል፣ ስፓይናል ላይ ባይገባም ረጅም ጄኔራል ላይ አይቀርም።

ሙቀት ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ይሄን የምለው ትሮሊውን «የትኩሳት ትሮሊ» ብለው መጥራት ለጀመሩት ልጆች ነው። ቀድሞ የሚታየው የካርቦንዳይኦክሳይዱ መጨመር ነው፣ ካፕኖግራፍ (በትንፋሽ የሚወጣውን የሚለካው መሣሪያ) ያለው በዚያ ያያል። ካፕኖግራፍ የሌለው ደግሞ ምክንያቱ ያልታወቀ የልብ ምት ፍጥነት፣ በራሱ የሚተነፍስ ከሆነ የትንፋሽ መብዛት፣ ከሳክስ በኋላ አልከፈት ያለ መንጋጋ፣ የሶዳ ላይም (ካርቦንዳይኦክሳይድ የሚመጠው ኬሚካል) ቆርቆሮው ስትነካው ማቃጠሉና ቀለሙ ቶሎ መቀየሩ፣ እነዚህን ይይ። ሽንቱ ጠቆር ካለ ጡንቻው እየፈረሰ ነው። ሰመመኑ ቀሎ ነው እንዳይሆን፣ ሴፕሲስ (የተሰራጨ ኢንፌክሽን) እንዳይሆን፣ ታይሮይድ እንዳይሆን ማሰብም አለ፣ ግን እያሰብክ ቬፖራይዘሩን (የሃሎቴኑን ማትነኛ) ዝጋ፣ መዝጋቱ አይጎዳም።

ከጎን የተንጠለጠለችው ካርድ በአማርኛ ነው የተጻፈችው፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ከዚያ ላሚኔት። እንግሊዝኛው ፖስተር ግድግዳ ላይ ያምራል ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራነሩ የሚያነበው ይሄኛውን ነው። ሃሎቴን ዝጋ፣ ሳክስ አትድገም፣ እርዳታ ጥራ፣ ኦክስጅን 100 ፐርሰንት በደቂቃ 10 ሊትርና ከዚያ በላይ፣ ፈጠን አድርገህ ተንፍስለት፣ ማሽኑን ለመቀየር ጊዜ አትፍጅ፣ ከፈለግህ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቀው መተንፈሻ) እና በሲሊንደሩ፣ ኦፕራሲዮኑ ቶሎ ይለቅ ካልሆነም በኬታሚን ወይ በፕሮፖፎል ይቀጥል። የሲሊንደሩ ቀለበት እዚህ ጋ ነው ዋጋውን ያሳየው። ለፖታሲየሙ ካልሲየም ግሉኮኔት 30 ሚሊግራም በኪሎ፣ ሬጉላር ኢንሱሊን 10 ዩኒት ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር፣ እኛ ጋ ያለው ባለ 40 ፐርሰንቱ ስለሆነ የ20 ሲሲዋ አምፑል ሦስት ገደማ ማለት ነው፣ ከዚያ ስኳሩን ደጋግሞ መለካት፣ አሲዶሲስ (የደም አሲድ መብዛት) ካለ ባይካርብ 1 እስከ 2 ሚሊኢኩቫለንት በኪሎ። ካቴተር (የሽንት ቱቦ)፣ ሽንቱ በሰዓት ቢያንስ 1 ሲሲ በኪሎ እንዲወጣ። ዳንትሮሊን ከተሰጠ ደግሞ ቬራፓሚልና መሰሎቹ የልብ መድኃኒቶች ክልክል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ፖታሲየሙን ያንሩታል ልብንም ያዳክማሉ። የመጀመሪያው ማዕበል ካለፈ በኋላም ከአራት ወይ ከአምስት አንዱ ላይ ስለሚያገረሽ ቢያንስ 24 ሰዓት ክትትል ነው፣ ይሄ ለኛ ማለት አምቡላንስ፣ ከኦክስጅንና ከበረዶ ጋር፣ ሽቅብ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ግን ልቡ ሳይረጋጋ መንገድ ላይ አይወጣም።

አሁን የማይወደደውን ልናገር። ዳንትሮሊን ሳይኖር ይሄ ሁሉ ዕቃ ጊዜ መግዣ ነው። መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ኤምኤች ከያዛቸው አሥር ሰዎች ሰባት ስምንቱ ይሞቱ ነበር፣ አሁን ባለበት አገር ከአሥር አንድ አይሞላም። መፍትሔነቱን እንደ ፈረንጆቹ በ1975 አሳማ ላይ ያሳየው ሃሪሰን የሚባል ሰው ደግሞ ኬፕታውን የሚሠራ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ የኛው አህጉር ማለት ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1979 ደግሞ ለሰው በመርፌ ተፈቀደ። እኛ ዛሬም ባዶ መሳቢያ እየቆጠርን ነው። በጣም ያበግነኛል።

ስለዚህ ከትሮሊው ላይ በጣም ርካሿና የምትሠራዋ ዕቃ መጀመሪያው መሳቢያ ላይ ያለችው ወረቀት ናት፣ ከኦፕራሲዮን በፊት የምትጠየቀዋ ጥያቄ። «በዘመድ ማደንዘዣ ወስዶ ሳይነቃ የቀረ፣ ወይ ኦፕራሲዮን ላይ እሳት ሆኖ የነደደ፣ ወይ ገርሮ የደረቀ አለ?» እንደ ፈረንጆቹ በ1960 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የመጀመሪያው ታሪክ ራሱ ከዚህ ጥያቄ ነው የመጣው፣ ሜልቦርን ውስጥ እግሩ የተሰበረ ወጣት ተማሪ ከስብራቱ ይልቅ ማደንዘዣውን ነበር የፈራው፣ አሥር ዘመዶቹ በኢተር (በድሮው ማደንዘዣ) ሞተውበት ነበርና፣ ሐኪሞቹ ዴንቦሮና ሎቬል ሰምተው ጻፉት። በሃሎቴን ጀመሩ፣ ሲበላሽ አቆሙ፣ ተረፈ። እኛ አገር ደግሞ ይሄን ለመጠየቅ የተመቸ ሕዝብ ነው ያለው፣ ከመንዝ ወይ ከመርሐቤቴ የመጣ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ያውቃል፣ ማን በምን እንደሞተ ይነግርሃል፣ አንተ ብቻ ፎርም እንደሚሞላ ሰው «የቤተሰብ ሕመም አለ? የለም፣ ፈርሙ» ብለህ አትለፈው። ከወላጅ አንዱ ካለው እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። አለ ካሉ ስፓይናል ወይ ኬታሚን፣ ሃሎቴንና ሳክስ እንዳይነኩት፣ ካርዱም ላይ በቀይ ይጻፍ፣ ለቤተሰቡም ይነገር።

ትሮሊው ይሠራ ወይስ ይገዛ ለሚለው፣ በጀት ካላችሁ የፕላስቲኩን ግዙ፣ አይዝግም ይንሸራተታል። ከሌላችሁ እዚህ ሰውዬ ጋ ሂዱ። መሐል ሜዳ ያለ የሥራ ባልደረባዬ እንደዚሁ ሊያሠራ ነው፣ ለእሱ የነገርኩትን ልድገመው፦ መጀመሪያ የኦአራችሁን በር ስፋትና የደፉን ከፍታ ለኩ፣ ጎማ ራሳችሁ ግዙና ውሰዱለት፣ ትልልቅ የጎማ እግር ያላቸው ፍሬን ያላቸው፣ ለታችኛው መሳቢያ ባለ ኳስ ሐዲድ አስገጥሙ፣ ቀለሙ በረኪና እንደሚነካው ንገሩት፣ የሲሊንደሩን ቀለበት እንዳያስቀር፣ እሱን እንኳን ባትጠይቁት ራሱ ይሠራዋል። ቅድሚያ ግማሹን ይጠይቃል፣ ስጡት ታማኝ ነው፣ ቀሪውን ግን መሳቢያዎቹን ባዶአቸውን አይታችሁ እንዳትከፍሉ፣ ሳላይን ይዛችሁ ሂዱና ሞልታችሁ ሳቡት።